የእንግዳዋ ምሳ

ሰውዬው የሞተው በእንግድነት በተጠራበት ቤት፣ ሳሎኑ መሐል ነው። ጋቢ አልብሰውታል፤ ጫማው ግን ከጋቢው ጫፍ ወጥቶ ይታያል። ለዚህች ቀን ተብሎ የተወለወለ ጫማ ነው። ኢንስፔክተር የብርጓል ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ፊቱን አየችና መልሳ ሸፈነችው። ሃምሳን የተሻገረ፣ የሐይቅ ፀሐይና ነፋስ ያጠቆረው ሰው ነበር። ክፍሉ የማስመለስ ሽታ ይሸታል፤ ከእሱ ሥር ደግሞ የበሰለ ዓሣ።

«ምን በላ?» አለች።

«የዓሣ ዱለት፣ ከአይጥ መርዝ ጋር» አለ ሳጅን መልካሙ። «ነገሩ ግን አልቋል። ስሕተት ነው።»

መልካሙ ደግ ሰው ነው። ጉድለቱ ወንጀል ሁሉ ከምሳ ሰዓት በፊት ቢያልቅለት መውደዱ ነው። የብርጓል ደግሞ አልቋል የተባለ ነገር ሁሉ ይጎረብጣታል።

«እስቲ ስሕተቱን ንገረኝ።»

«የቤቱ እመቤት ወይዘሮ አገርነሽ ለአይጥ መርዝ ለውሰው አስቀመጡ። በዚህ ቤት ግን አይጥ በስሟ አትጠራም። ስሟን ጠርተው ከዶለቱባት ትሰማለች፣ ቂም ይዛም ልብስ ትበጣጥሳለች ይላሉ። ስለዚህ 'እንግዳ' ነው የሚሏት። ሠራተኛዋ ኪዲ የምትባል ልጅ ናት፤ ከጢስ ዓባይ መጥታ ከተቀጠረች ወር አልሞላትም። የእንግዳ ምግብ ተቀምጧል ሲሏት ለመጣው እንግዳ አቀረበችለት። በቃ፣ ይኸው ነው።»

የብርጓል በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። እሷም ከአይጥ ጋር ደመኛ ናት፤ የሠርግ ቀሚሷን ጥለት በልተውባት ቂሙ እስከ ዛሬ አልወጣላትም። የሞተ ሰው ፊት ግን አይሳቅም። በዚያ ላይ ስልኳ ጠራ፤ አለቃዋ ነበር።

«ሟቹ ደሞዝ ነው፣ ባለጀልባው» አለ ሰላምታ እንኳ ሳይሰጥ። «የሴትየዋ ልጅ የሰጠመው በእሱ ጀልባ ነው። በልጇ አርባ ላይ ሕዝብ ፊት ቆማ ያለችውን ፋሲሎ ክፍለ ከተማ በሙሉ ያውቃል፤ 'እንጀራዬን በልቶ በደጄ ይሙት' ነው ያለች። ይኸው በላ፣ ሞተ። የስሕተቱን ወሬ ለሌላ ንገሪ። ነገ ሳይመሽ ወይ ሌላ ሰው አምጪልኝ፣ ወይ ሴትየዋን ይዘሽልኝ ነይ።»

የብርጓል ስልኩን ዘጋችና በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከተች። ወይዘሮ አገርነሽ ማንጎው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ የሸማኔ እጅ ያላቸው ቀጭን ሴት ናቸው። የሚያለቅሱም የሚጸልዩም አይመስሉም። ወጥታ አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ አገርነሽ፣ የልጅዎን ነገር ይንገሩኝ።»

«ሀዲስ ለሥራ ደቅ ደሴት ሄዶ ሲመለስ ነው። ያ ሰው ጀልባዋን ከልኳ በላይ ጭኖ፣ ነፋስ ተነሥቷል ሲሉት 'ሐይቁን ለእኔ ተዉት' ብሎ ወጣ። ከባሕር ዳር የእኔ ልጅ ብቻ ነበር፤ የቀሩት የደሴቱ ሰዎች ናቸው። ጀልባዋ ስትገለበጥ አንዲት ባዶ ጀሪካን ነበረች። እሷን አቅፎ የወጣ ማን ይመስልሻል?»

«ታስሮ ነበር አይደል?»

«ታሰረ፣ ወጣ። ሀዲስ ግን አልወጣም። እስከ ዛሬ ሐይቁ አልመለሰልኝም።»

ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ነፋስ የማንጎውን ቅጠል ያንኳኳል።

«ዛሬ ልትታረቁ ነበር።»

«ከእስር ሲወጣ ሽማግሌ ላከ። ወንድሜ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን አንቺ ክርስቲያን አይደለሽም ወይ እያለ ሲጨቀጭቀኝ ከረመ። ታናሹ ልጄ ባምላክም ቂም ታቅፎ እንዳያረጅ ሰጋሁ። እሺ አልሁ። ጠዋት ከወንድሜ ጋር ሽማግሎቹን ልንቀበል ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ሰውዬው ከእኛ ጋር ይገባል ስንል ቀድሞን መጥቶ ኖሯል።»

«መርዙን ማን ለወሰው?»

«እኔ ነኛ። ባምላክ ገዛ፣ እኔ በደረቅ ዓሣና በዱቄት ለወስሁት። ሌላ ምንም የለበትም። እንግዳዋ ሚጥሚጣ ከሸተታት ዞር ብላም አታይ፤ የጓዳውን ቀዳዳ እንኳ በበርበሬ ነው የደፈንሁባት።»

«ዓሣ ቤት ውስጥ ነበረዎት?»

ወይዘሮ አገርነሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። «ለእሷ ብቻ ነው የሚገዛ። እኔ ሀዲስ ከሄደ ወዲህ ዓሣ ባፌ አልዞረም። ልጄን የበላውን እንዴት ብዬ ልብላ?»

የብርጓል ሌላ ጠየቀች። «ይቅር ብለውት ነበር?»

«አፌ ይቅር ብሎ ነበር» አሉ ሴትዮዋ። «ልቤን ጠይቄው አላውቅም።»

ባምላክ ከሥራ ቦታው ተጠርቶ መጥቷል። ኮሌጅ ውስጥ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነው፤ ረጅም፣ ቁጡ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ማስቀመጥ ያቃተው ጎረምሳ። ሰውዬውን በዓይኑ ላለማየት ጠዋት በጊዜ ከቤት መውጣቱን ተናገረ።

«አሁን ደስ ብሎሃል?»

«አዎ። ልዋሽዎት? ግን እኔ ብሆን በመርዝ አልገድለውም። ሐይቁ መሐል ወስጄ፣ ያችን ጀሪካን አሳይቼ እቀማው ነበር።»

«መርዙን የገዛኸው ግን አንተ ነህ።»

«እናቴ ልካኝ ነዋ። እንግዳዋ የሀዲስን መጻሕፍት መብላት ጀምራ ነበር። የሀዲስ ነገር ሲነካ ደግሞ እናቴ አትቻልም።» ድንገት ፈገግ አለ፤ ሲስቅ ልጅነቱ ይታያል። «ይኼ ቤት እኮ ጉድ ነው። መርዙን ይዤ ገብቼ 'የአይጥ መርዝ አመጣሁ!' ብዬ ብጮኽ፣ ኪዲ ከጓዳ ሮጣ 'ኧረ ቀስ በል፣ ትሰማለች!' አለችኝ። አንድ እናት አልበቃ ብሎኝ ሁለት ሆኑብኝ።»

የብርጓልም ፈገግ አለች፤ ነገሩን ግን አልጣለችውም።

መሪጌታ ጥዑመ ልሳን በረንዳው ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ዕርቁን ያመጡት እሳቸው በመሆናቸው ሞቱም የእሳቸው ሥራ መስሎ ተሰምቷቸዋል።

«የኔታ፣ ጠዋት ከቤት ስትወጡ እትዬ ለኪዲ ያሏትን ሰምተዋል?»

«እበሩ ላይ ቆሜ ነበር እንጂ! 'የእንግዳዋ ምግብ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ማታ አወርድላታለሁ' አለቻት። እኔም በዕርቅ ቀን እንኳ ለፍጥረት አትራሪም ወይ ብዬ ቀልጄባታለሁ። ወይ ቀልድ!»

የቀረችው ኪዲ ነበረች። የብርጓል ጓዳ ስትገባ ልጅቷ ጥግ ላይ ኩርምት ብላ አገኘቻት። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ምድጃው ላይ ያለው መጥበሻ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ተጣብቆበታል።

«ንገሪኝ የኔ እህት። አትፍሪ።»

«እትዬ 'የእንግዳው ምሳ መደርደሪያው ላይ ነው፤ ቀድመው ከመጡ አቅርቢላቸው' አሉኝ። እንግዳው ቀድመው መጡ። ምግቡን ሳየው የቀዘቀዘ፣ ቅመም የሌለው ነገር ነው፤ ለሰው አይሆንም ብዬ በሽንኩርትና በሚጥሚጣ አሙቄ በጥሩ ሳህን አቀረብሁላቸው።»

«ይህ ቤት አይጥን 'እንግዳ' እንደሚላት አልሰማሽም?»

«ማን ነግሮኝ? በስሟ እንደማይጠሯት ራሱ ዛሬ ሰው ከሞተ በኋላ ነው የሰማሁ።» አለቀሰች። «'እመቤትሽ ናት ያሰናዳችልኝ?' አሉኝ። አዎ አልኋቸው። እሳቸውም እንባቸው መጣ። 'እንግዲያ ይቅር ብላኛለች' አሉና ሳህኑን ጠርገው በሉት።»

የብርጓል ሟቹን አልወደደችውም፤ ቢሆንም የመጨረሻ ጉርሻውን ምሕረት ነው ብሎ የዋጠ ሰው ያሳዝናል። እልፍ ብላ ደግሞ አሰበች፦ በአፉ ምሕረት፣ በሆዱ መርዝ። ይህን ያሰናዳ ሰው ካለ፣ ቂሙን ብዙ ጊዜ አሽቶታል ማለት ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ተመልሳ መጣች። አስከሬኑ ሄዷል፤ ሳሎኑ ታጥቧል። ወይዘሮ አገርነሽ ከአልጋቸው አልተነሡም። ኪዲ ጓዳ ውስጥ ሽሮ ትሠራለች። የብርጓል በርጩማ ስባ ተቀመጠችና ስለ ኑሮ መወደድ፣ ስለ ባጃጅ ሂሳብ፣ ስለዚህም ስለዚያም ታወራት ጀመር። ልጅቷ እየመለሰች ሥራዋን ትሠራለች። እጇ የሰለጠነ ነው። ጨው ጣል አድርጋ በማንኪያው ጫፍ ከሽሮው መዳፏ ላይ ጠብ ታደርግና ትቀምሳለች። በርበሬ ትጨምርና ደግሞ መዳፏ ላይ፣ ደግሞ ቅምስ። ልታወጣው ስትል እንደገና ቀመሰች።

«ጎበዝ ባለሙያ ነሽ» አለቻት የብርጓል።

«እናቴ ናት ያስለመደችኝ። ሳይቀምሱ ለሰው አያቀርቡም ትለኝ ነበር።»

«እናትሽ ጢስ ዓባይ ናቸው?»

ኪዲ ድስቱን ለማውጣት ጎንበስ አለች። «ሞታለች» አለች።

የብርጓል ተነሣች። ወጥታ በሐይቁ ዳር ባለው መንገድ ብዙ ሄደች። ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን እያራገፉ ነው፤ ከወደ ደቅ የመጣች ጀልባ ሰው ታወርዳለች። አለቃዋ ደጋግሞ ደወለ፤ አላነሣችለትም። የምታውቀውን አንድ በአንድ በልቧ አስቀመጠችው። አንድ ነገር ብቻ ጎደላት፦ ማን እንደሆነች ዐውቃለች፤ ለምን እንደሆነ ግን አላወቀችም። ያለ ምክንያት ደግሞ ሰው እንዲህ ያለ ግብዣ አይደግስም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ አገርነሽ ነጠላቸውን ለብሰው፣ ትንሽ ቦርሳ አዘጋጅተው ወጡ፤ ሊታሰሩ መሆኑን ሰምተዋል። ባምላክ ከእናቱ ጎን ቆሞ ጥርሱን ያፋጫል። መሪጌታ መቋሚያቸውን ጨብጠው ተቀመጡ። ኪዲ በጓዳው በር ቆመች። መልካሙ በዋናው በር።

«ውሰጂኝ» አሉ ወይዘሮ አገርነሽ። «ብዙ አታድክሚን።»

«ይቀመጡ እትዬ። መልካሙ ትናንት ስሕተት ነው ብሎኝ ነበር። አለቃዬ ደግሞ ስሕተት አይደለም፣ እሳቸው ናቸው ይላል። እኔ የማውቀው፣ ይህ ስሕተት በአማርኛ ሊሠራ እንደማይችል ነው።»

«እንዴት አይችልም?» አለ መልካሙ ተቀይሞ።

«አንተ ቤትህ አይጥ ብትገባ 'በላው' ትላለህ ወይስ 'በላችው'?»

«በላችው ነዋ።»

«እዚህ ቤትም ስሟ ቢለወጥ ሴትነቷ አልተለወጠም። ከትናንት ጀምሮ እትዬም ባምላክም የኔታም ያሉኝ 'እንግዳዋ' ነው። አንድም ሰው 'እንግዳው' አላለም። አንዲት ልጅ የምትጠብቀው አንድ ወንድ እንግዳ መሆኑን እያወቀች 'የእንግዳዋ ምግብ፣ አወርድላታለሁ' ቢሏት፣ ያን ምግብ ለሰውዬው ታቀርባለች?»

«እኔ የሰማሁት 'የእንግዳው' ሲሉ ነው» አለች ኪዲ ከበሩ።

«ዐውቃለሁ። 'ቀድመው ከመጡ አቅርቢላቸው'ም ብለውሻል። እትዬ አይጥን አንቱ ሲሉ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

ባምላክ ሊስቅ ቃጣውና ተወው። መልካሙ ግን አገጩን አሸ። «እንግዲያው ይኼ በሴትየዋ ላይ ይብሳል። 'እንግዳው' ብለው አስበው ቢያዝዟትስ? 'እንግዳዋ' ሲሉ ሰማሁ ያሉት ወንድማቸው ብቻ ናቸው። የኔታን አልደፍርም እንጂ፣ የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ ይባላል።»

መሪጌታ ዓይናቸው ፈጠጠ። «እኔ በአንድ ፊደል ተማሪ ስቀጣ የኖርሁ ሰው ነኝ! ለእህቴ ብዬ 'ው'ን 'ዋ' አደርጋለሁ?»

«የኔታ፣ መልካሙ ልክ ነው። እኔም አስቤዋለሁ። ስለዚህ ምስክርነትዎን ለጊዜው ወደ ጎን እንተወው። ባምላክ፣ መርዙን ገዝተህ የገባህ ቀን ምን ብለህ ጮኽህ?»

«'የአይጥ መርዝ አመጣሁ' ብዬ።»

«ኪዲስ?»

«'ኧረ ቀስ በል፣ ትሰማለች'...» ባምላክ ዐረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ወደ ጓዳው በር ዞረ። ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ።

«በስሟ እንደማይጠሯት ሰው ከሞተ በኋላ ነው የሰማሁ ብለሽኛል» አለች የብርጓል። «ስሟን መጥራት ነውር መሆኑን የምታውቂ ከሆነ፣ በምን ስም እንደሚጠሯትም ታውቂያለሽ። ለምን ዋሸሽኝ?»

ኪዲ ከንፈሯን ነከሰች። «ፈርቼ ነዋ! እዚህ ሰው ሞቶ፣ ድሀዋን ማን ያምነኛል? እሺ፣ ዐውቅ ነበር። ቢሆንም እትዬ 'እንግዳው' ካሉኝ ለሰውዬው ነው ብዬ አቀረብሁ። ምን አጠፋሁ?»

መልካሙ ራሱን ነቀነቀ። መልሱ መልስ ነበር። ወይዘሮ አገርነሽ ቦርሳቸውን ጨበጡ፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው በእሳቸው ሊደርስ ነው። የብርጓል ግን አልቸኮለችም። ልጅቷን ተጠግታ በለሰለሰ ድምፅ ጠየቀቻት።

«እሺ፣ እንዳልሽው ይሁን። ለእንግዳው ነው ብለሽ አመንሽ። ሽንኩርት ከተፍሽ፣ ሚጥሚጣ ነሰነስሽ፣ አሞቅሽ። ዛሬ ጠዋት ያንን ተራ ሽሮ እንኳ ደጋግመሽ መዳፍሽ ላይ ቀምሰሻል። ሳይቀምሱ ለሰው አያቀርቡም ብላ ያሳደገችሽ እናት አለች። ታዲያ ይህን ዱለት ብትቀምሺው ዛሬ አንቺም በሕይወት ባልነበርሽ፤ ቢቀናሽ ሆስፒታል ነበርሽ። መርዝ መሆኑን ካላወቅሽ፣ እንዴት ሳትቀምሺው አቀረብሽ?»

«ዓሣ አልበላም!» አለች ኪዲ ቶሎ ብላ። ከወጥመዱ ያመለጠች መስሏት ትንፋሿ እንኳ ቀለል አላት።

«ከመቼ ጀምሮ?»

ያን ጊዜ ከወንበሩ የተነሡት ወይዘሮ አገርነሽ ነበሩ። ቦርሳው ከእጃቸው ወደቀ። ልጅቷን ትኩር ብለው አዩዋት፤ ቤታቸው ከገባች ጀምሮ እንደዚያ አይተዋት አያውቁም ነበር።

«አንቺ ልጅ» አሉ። «ሐይቁ ውስጥ ማን አለሽ?»

የኢንስፔክተሯን ጥያቄ ሁሉ ስትመክት የቆየች ልጅ ይቺን አንዲት ጥያቄ መመከት አቃታት።

«ጊዮርጊስ» አለች። «ታናሽ ወንድሜ። እናቴን ወለተ ሚካኤልን አግኝተን ቀበርናት። ጊዮርጊስን ግን አልመለሰውም።»

«የደቅ ልጅ ነሽ» አለች የብርጓል ቀስ ብላ።

«የደቅ ነኝ። ጢስ ዓባይን አይቻት አላውቅም። ያችን ጀሪካን ለጊዮርጊስ የያዘችለት እናቴ ነበረች። ከእጇ የነጠቃት እሱ ነው፤ በዋና የተረፉት ነግረውኛል። እሱ ሲወጣ እነሱ ሰመጡ።» ትናንት 'እሳቸው' ስትለው የዋለችው ሰው ዛሬ 'እሱ' ሆኗል። «ከእስር ሲወጣ ሽማግሌ ላከ አሉ። ወዴት? ወደ ባሕር ዳር፣ ወደ ትልቁ ቤት። መሪጌታ ያሉበት ቤት። ወደ እኛ ማን መጣ? የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ለአንዲት ልጃገረድ ሽማግሌ አይላክም! በደጃችን እያለፈ ለዕርቅ የሚሆን ጫማ ገዛ። ያን ጊዜ እዚህ መጥቼ ተቀጠርሁ። አንድ ቀን በዚህ በር መግባቱ አይቀርም ብዬ።»

መሪጌታ ጥዑመ ልሳን አንገታቸውን ደፉ። ሽማግሎቹን መርጠው የሰበሰቡት እሳቸው ነበሩ፤ የደሴቱ ሙታን ስንት ቤት እንዳዘጉ ግን አንድም ቀን አልጠየቁም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እያሉ ለተማሪ ሲተርቱ ኖረዋል፤ መካከል የገባው አስታራቂም እንደሚረሳ ገና ዛሬ ተማሩ።

«አውቆሽ ነበር?» አለ ባምላክ በሹክሹክታ።

«ሆዱን ይዞ ሲወድቅ ነገርሁት። 'የጊዮርጊስ እህት ነኝ' አልሁት። ውኃ ለመነኝ። 'ሐይቁን ጠጣ' አልሁት።»

የብርጓል ብዙ ወንጀለኛ አይታለች፤ የሚክድም የሚንበረከክም። ይቺ ልጅ ግን አንዳች ሸክም አውርዳ እንደቆመች ሴት ቀጥ ብላ ነበር የቆመችው።

«እትዬ በአንቺ ምክንያት ሲታሰሩ ዝም ልትዪ ነበር?»

የኪዲ ዓይን ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ መሬት ወረደ። «ስሕተት ነው ብለው ይተውታል ብዬ ነበር። እሳቸውን ይይዛሉ ብዬ አላሰብሁም። ሲወስዷቸው እናገር ነበር... መሰለኝ።»

መልካሙ ካቴናውን ይዞ ሲቀርብ ወይዘሮ አገርነሽ ቀደሙት። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ልጅቷን አለበሷት፤ ጫፉንም በአንገቷ ዙሪያ አጥብቀው አዞሩት።

«ሐይቁ ዳር ይነፍሳል» አሏት። ቀጥለው ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «ነገ ደቅ ትሄዳለህ። ሰው የሞተበትን ቤት ሁሉ እየዞርህ አንኳኳ። ሽማግሌ አይደለህ?»

«እሄዳለሁ» አሉ መሪጌታ።

የብርጓል ኪዲን ይዛ በረንዳው ላይ ስትደርስ ሴትዮዋ ተከትለዋት ወጡ። በልጅቷ ፊት እንዳይሆን ብለው ትንሽ ሳብ አደረጓት።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። እንጀራዬን በልቶ በደጄ ይሙት ያልሁ እኔ ነኝ። ትናንት ሬሳውን ሳየው ደስ አለኝ። ሌሊቱን በሙሉ ደስ እንዳለኝ ነጋ። እሷ ያደረገችው የእኔን ምኞት ነው። ይህንንም መዝግቢው።»

«ደስታ አይከሰስም እትዬ» አለች የብርጓል።

«ባይከሰስም» አሉ፤ ጨርሰውም አልነገሯት።

መኪናው ከግቢው ወጣ። ወይዘሮ አገርነሽ ወደ ሳሎን ተመለሱ። ባምላክ ጥግ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በእጁ ሸፍኗል፤ እናቱ ሲያልፉ እግራቸውን ያዘ፣ እሳቸውም ራሱን ዳሰሱት። ጓዳ ገብተው መብራቱን ሲያበሩ፣ ያ ምግብ የነበረበት መደርደሪያ ባዶውን ቆሟል። ከዱቄቱ ማድጋ ኋላ የለመዱት ጭረት ተሰማ። ለእሷ የተሰናዳውን ሌላ በልቶላት እሷ በሕይወት አለች።

ከልማድ የተነሣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «እንግዳ...» ሊሉ ጀመሩና ተዉት። ያን ስም ከእንግዲህ በዚህ ቤት የሚጠራው አይኖርም። እናታቸውም አያታቸውም ደፍረው ያላሉትን፣ ሳሎን ያሉት ሁሉ እስኪሰሙ ጮኸው አሉት።

«አይጥ!»

ጭረቱ ቀጥ አለ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጀመረ።